ስቲልሄድ ማጥመድ ለጀማሪ፣ ባዶ እጅ የሚገባባቸውን ቀናት ጨምሮ

የመጀመሪያው ዊንተር ላይ 16 ቀን ወንዝ ወረድኩ። አንድም ዓሣ አላመጣሁም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን አንድ ያዝኩ። እሱንም ሕጉ ስለሚያስገድድ ለቀቅኩት። ቤት ስገባ ባለቤቴ እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ «ታዲያ ምን ያስቅሃል?» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ከእነዚያ 16 ቀናት አሥሩን ላስቀርላችሁ ነው። የቀሩትን ስድስት ግን ማንም አያስቀርላችሁም። የትኞቹ የትኞቹ እንደሆኑ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ሲያትል አካባቢ ስለሆነ የማወራው ስለ ዋሽንግተን ስቴት ወንዞች ነው። ኦሪገን ወይም ሌላ ቦታ ያላችሁ ዓሣው አንድ ነው፣ ሕጉን ግን የአካባቢያችሁን እዩ። ደግሞ «ዊንተር» የምለው ክረምት ብል ግራ እንዳትጋቡ ነው። የሲያትል ዊንተር ዝናብ በዝናብ ስለሆነ ክረምት ብንለውም ብዙ አልተሳሳትንም።

ዓሣውን እንወቀው

ስቲልሄድ ሬይንቦው ትራውት ነው። በሳይንሱ ሁለቱም አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ኦንኮሪንከስ ማይኪስ። ልዩነታቸው አኗኗር ላይ ነው። ሬይንቦው ትራውት የምንለው ዕድሜውን ሙሉ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ይኖራል። ስቲልሄድ ግን ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ አንድ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ሦስት፣ እዚያው ካደገ በኋላ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባሕር ላይ በልቶ ይደልብና እንቁላል ለመጣል ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። አብዛኛው ከ6 እስከ 12 ፓውንድ ይመዝናል። የፓስፊክ ሳልሞን እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ስቲልሄድ ግን ተርፎ ወደ ባሕር ሊመለስና ሌላ ጊዜ ዳግም ሊመጣ ይችላል።

ለወሬ ያህል፣ ዘመዱ አገር ቤትም አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ትራውት ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ተለቋል። ባሕር ሳይወርድ ግን እዚያው ትራውት እንደሆነ ቀርቷል።

የሚመጣው በሁለት ወቅት ነው። የዊንተሩ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ወደ ወንዝ ይገባል። የሰመሩ ደግሞ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ገብቶ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ እስኪደርስ ወራት ወንዝ ውስጥ ይቆያል። እኔ የተማርኩት በዊንተሩ ነው፣ መመሪያውም ለእሱ ነው።

ፈረንጆቹ «የሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። ማጋነን ቢመስልም ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ወንዝ የገባው ለመብላት አይደለም፤ የሚነክሰው ነገሩ አፉ ስር ሲያልፍለት ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ትንሽ ነው። የፑጀት ሳውንድ፣ ማለትም ሲያትል ያለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ ስቲልሄድ በ2007 በፌዴራል ሕግ ስጋት ካለባቸው ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ብዙ ቀን ሥራችሁን በትክክል እየሠራችሁ ፊታችሁ ያለው ውኃ ውስጥ ግን ዓሣው የለም። ይህን ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል።

1. ፈቃድና ሕግ

15 ዓመት የሞላው ሁሉ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚሰጠው የስቴቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። ኢንተርኔት ላይም፣ የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችም ታገኙታላችሁ። ፈቃዱ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ነው የሚሠራው። እኔ ጃንዋሪ ላይ ገዝቼ ዓመት የሚቆይ መስሎኝ ነበር። አብሮ የስቲልሄድ መመዝገቢያ ካርድ ውሰዱ። ዓሣ ወስዳችሁ ከሆነ እዚያው፣ ወዲያው ይመዘገባል።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ የዱር ስቲልሄድ ወደ ቤት መውሰድ በመላው ስቴቱ ክልክል ነው። የሚወሰደው ዓሣ ማርቢያ ጣቢያ ያደገው ብቻ ነው። መለያውም ቀላል ነው። ጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ ጠጋ ብላ፣ የጣት ጫፍ የምታህል ለስላሳ ክንፍ አለች። ጣቢያዎቹ ትንንሾቹን ከመልቀቃቸው በፊት ይቺን ክንፍ ይቆርጧታል። ክንፏ ካለች የዱር ነው፣ ይለቀቃል። በቦታዋ የዳነ ጠባሳ ካለ የጣቢያ ነው። ከተጠራጠራችሁ ልቀቁት።

የወንዞች መከፈትና መዘጋት በየጊዜው ይለዋወጣል። ለምሳሌ በ2020 መጨረሻ የባሕር ዳርቻዎቹ ወንዞች ላይ ከጀልባ ማጥመድና የሚበላ ማባበያ መጠቀም ተከልክሎ ነበር። መሥሪያ ቤቱ «ፊሽ ዋሽንግተን» የሚባል አፕ አለው። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ክፈቱት። እኔ አንድ ጊዜ ሳላየው ሌሊት ተነስቼ፣ አንድ ሰዓት በላይ ነድቼ፣ ዛፍ ላይ የተለጠፈ «ዝግ ነው» የሚል ወረቀት አንብቤ ተመልሻለሁ።

2. አንድ ወንዝ ምረጡ

ጀማሪ ማርቢያ ጣቢያ ያለበት ወንዝ ይሂድ። ዓሣው ወደ ተለቀቀበት ስለሚመለስ እዚያ አካባቢ ይሰበሰባል። ለሲያትል ሰው ስካይኮሚሽ ወንዝ ላይ፣ ጎልድ ባር ከተማ አጠገብ፣ ሬይተር ፖንድስ የሚባል ጣቢያ አለ። ስኖኳልሚ ላይ ቶኩል ክሪክ አለ። በአይ-5 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ መንዳት ካላስጠላችሁ ደግሞ ካውሊትዝ ወንዝ ላይ ብሉ ክሪክ አለ።

ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ ወቅቱን ሙሉ እሱን ብቻ ተመላለሱበት። አንድ ቦታ በጎደለም በሞላም ጊዜ ስታዩት ድንጋዩ ሁሉ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔ በመጀመሪያው ወር አራት ወንዝ ዞርኩ። የትኛውንም ሳላውቅ ቤንዚን ብቻ ጨረስኩ።

ጣቢያ አጠገብ ሰው ይበዛል። ዝም ብላችሁ መሀል አትግቡ። «ደህና አደርክ፣ ከአንተ በታች ብገባ ቅር ይልሃል?» በሉ። አብዛኛው ሰው ቦታ ይለቅላችኋል። ሌላው ሲወረውር አብራችሁ ወርውሩ፣ ሲጠቀልል ጠቅልሉ። አንዱ ዓሣ ከያዘ ክራችሁን ቶሎ አውጡለት።

3. ወንዙን ከቤት ሆናችሁ እዩት

እኔን ብዙ ያስከፈለኝ ይህ ነው። ቅዳሜ ዕረፍቴ ስለሆነ ብቻ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ወንዙ ግን የእኔን ሺፍት አያውቅም።

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስጂኤስ፣ ብዙ ወንዞች ላይ የውኃ መለኪያ አለው። ድረ ገጹ ላይ የወንዙን ስም ስትፈልጉ መጠኑን በመስመር ያሳያችኋል። ጎልድ ባር ላይ ለስካይኮሚሽ አንድ አለ። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ወንዝ ይለያያል። መጀመሪያ የሚታየው የመስመሩ አቅጣጫ ነው። መስመሩ ሽቅብ እየወጣ ከሆነ ወንዙ እየሞላና እየደፈረሰ ነው፤ ቤት ሁኑ። ጫፍ ላይ ደርሶ ቀስ እያለ ሲወርድ ግን ተነሱ። ዝናቡ አዲስ ዓሣ ከባሕር ይጠራል፣ ውኃው ሲጠራ ደግሞ ዓሣው ማባበያውን ማየት ይጀምራል።

ወንዙ ዳር ስትደርሱ ቀለሙን እዩ። ማኪያቶ ከመሰለ ተመለሱ። ደህናው ቀለም ጭጋግ ያለበት አረንጓዴ ነው። አንድ ቀላል መፈተኛ ልንገራችሁ። ዳር ላይ እስከ ጉልበታችሁ ግቡና ወደ ታች እዩ። የጫማችሁ ጫፍ ከታየ ይሠራል። እንደ መስታወት ጠርቶ ከጎደለ ደግሞ ዓሣው ይደነብራል፤ ቀጭን ክርና ትንሽ ማባበያ ተጠቀሙ፣ ከዳሩም ራቅ በሉ።

ቴርሞሜትር ያዙ። ውኃው ከ40 እስከ 50 ፋራናይት ከሆነ ጥሩ ነው። ከ40 በታች ሲሆን ዓሣው ይፈዝዛል፤ ማባበያውን አፍንጫው ስር ማድረስ አለባችሁ፣ ዝግ ብሎም መሄድ አለበት።

4. ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም፣ ሱቅ ውስጥ ግን ብዙ የሚያስፈልግ ይመስላችኋል። ከ9 ተኩል እስከ 10 ተኩል ጫማ የሚረዝም፣ ከ8 እስከ 12 ፓውንድ የሚል የተጻፈበት ዘንግ። ረጅም ዘንግ የሚፈለገው ክሩን ከውኃው ላይ ለማንሳት ነው። 3000 ወይም 4000 ቁጥር ስፒኒንግ ሪል፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት። 30 ፓውንድ የተገመደ ክር፤ ስለሚንሳፈፍ ለመቆጣጠር ይመቻል። ጫፉ ላይ ለሚታሰረው ሊደር ደግሞ 10 ወይም 12 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር።

ገንዘባችሁን ዌደር ላይ አውጡ። ዌደር ማለት እስከ ደረት የሚደርሰው ውኃ የማያስገባ ሱሪ ነው። ወገብ ላይ ቀበቶውን ሁልጊዜ እሰሩ። ብትወድቁ ውኃ እንዳይሞላው የሚያደርገው እሱ ነው። ከጉልበት በላይ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ለመሻገር አትሞክሩ። ማዶ ያለው ቦታ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አይደለም። ማዶ ያለው ሰውዬም የእናንተን ቦታ እያየ ነው።

5. አስተሳሰሩ

ለመማር የሚቀለው በቡሽ ማጥመድ ነው። ቡሽ የምለው ተንሳፋፊውን ነው። ከላይ ወደ ታች እንዲህ ይደረደራል። መጀመሪያ ዋናው ክር ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተት ማገጃ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ጥልቀቱን የምትወስነው እሷ ናት። ከእሱ በታች ትንሽ ዶቃ፣ ከዚያ ቡሹ፣ ከዚያ እርሳስ፣ ከዚያ ስዊቭል የምትባለው የምትሽከረከር ማያያዣ። ከስዊቭሉ በታች 20 ኢንች ያህል ሊደር ይታሰርና ጫፉ ላይ ጂግ ይሆናል። ጂግ ማለት ራሱ ከብድ ያለ፣ ላባ ወይም ጎማ ትል የለበሰ መንጠቆ ነው። ሮዝ ቀለም ያዙ። ለምን ሮዝ ብትሉኝ መልስ የለኝም፣ ግን ሁሉም ሰው ሳጥን ውስጥ ሮዝ አለ።

ክብደቱ መመጣጠን አለበት። 3/8 አውንስ የሚል ቡሽ ከገዛችሁ፣ 1/4 እርሳስና 1/8 ጂግ ሲደመሩ 3/8 ይመጣሉ። ያኔ ቡሹ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ትንሽ ሲነካም ይሰምጣል። እርሳሱ ካነሰ ግን ቡሹ ተጋድሞ ይሄዳል፣ ዓሣ ቢነካውም አያሳያችሁም።

ቋጠሮ ስታጠብቁ ክሩን በምራቃችሁ አርጥቡት። ደረቁን ከጎተታችሁት በሰበቃ ይሞቅና ይደክማል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ ዓሣ ይዞኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ራሱን አወዛወዘ፣ ከዚያ ክሩ ቀለለ። ሳወጣው የሊደሩ ጫፍ እንደ ስፕሪንግ ሽቦ ተጠቅልሏል። ጫፉ እንደዚያ ከተጠቀለለ ክሩ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ተንሸራቷል ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሻካራ ሆኖ ተቦጭቆ ከመጣ ድንጋይ ነው። ክር በተበጠሰባችሁ ቁጥር ከመናደዳችሁ በፊት ጫፉን እዩ።

6. ውኃውን ማንበብ

ወንዝ ሙሉ ዓሣ የለበትም። አብዛኛው ቦታ ባዶ ነው። ስቲልሄድ ጉልበቱን እየቆጠበ ነው የሚወጣው፤ የሚያርፈው ሰው በሚራመድበት ፍጥነት በሚሄድ ውኃ ውስጥ ነው። ጥልቀቱም ከ3 እስከ 8 ጫማ ይሆናል። ቅጠል ጥላችሁ አብራችሁ ዳር ዳሩን ተራመዱ። መሮጥ ካስፈለጋችሁ ፈጥኗል፣ ቆማችሁ ከጠበቃችሁት ዘግይቷል።

ሦስት ቦታ ፈልጉ። አንዱ ፈጣኑና ዘገምተኛው ውኃ የሚገናኙበት መስመር ነው። አረፋው በረድፍ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ሁለተኛው ከትልቅ ድንጋይ በፊትና በኋላ ነው። ሦስተኛው ጥልቁ ውኃ አልቆ ወደ ሚንጫጫው ነጭ ውኃ ከመውረዱ በፊት ያለው ለስላሳ ቦታ ነው። ከታች ያንን ነጭ ውኃ ታግሎ የወጣ ዓሣ እዚያ ትንፋሹን ይሰበስባል።

ወንዙ ከፍ ሲል ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል። ስለዚህ ቀጥ ብላችሁ ውኃ ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ እግራችሁ ስር ያለውን አጥምዱ። እኔ ስንቱን ረግጬ እንዳባረርኩ እግዜር ይወቅ።

7. ማሳለፍ

ከላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ወርውሩ። ቡሹ እንደ ውኃው ፍጥነት፣ ሳይጎተት፣ በነጻ መሄድ አለበት። አገር ቤት እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። እዚህ የዓሣው እንቁላል ወንዙ በሚሄድበት ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ እናንተም ያንን መምሰል ነው ሥራችሁ። በቡሹና በዘንጉ መካከል ያለው ክር በፈጣን ውኃ ተወስዶ ከቀደመ ቡሹን ይጎትተዋል። ያን ጊዜ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ክሩን አንሱና ከቡሹ ወደ ላይ በኩል መልሱት።

ቡሹን አንብቡት። ጫፉ ወደ ታች፣ ወደ ውኃው መሄጃ ካዘነበለ፣ ጂጉ መሬት እየጎተተ ነው፤ አሳጥሩ። ወደ ላይ ካዘነበለ ክራችሁ ወደ ኋላ እየያዘው ነው፤ ልቀቁለት። ቀጥ ብሎ ከሄደ ዝም በሉ።

ጥልቀት ላይ ልቆይ። ዘጠነኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከእኔ በታች ጠና ያለ ሰውዬ ቆሟል። ከተርሞስ ቡና ቀድቶ እየጠጣ ብዙ አየኝ። በኋላ ጠጋ ብሎ «ከራሳቸው በላይ ነው የምታልፈው» አለኝ። ክሬን ያዘና ማገጃ ቋጠሮዋን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ወደ ላይ ገፋት። ገፋት፣ ገፋት፣ አንድ ክንድ ሙሉ ሄደች። 7 ጫማ ውኃ ውስጥ 4 ጫማ ላይ ነበር የማጠምደው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ! ያን ቀን ዓሣ ያዝኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። አልያዝኩም። ሦስት ጂግ ድንጋይ ላይ ቀረብኝ። ሰውዬው «አሁን ገና ማጥመድ ጀመርክ» ብሎኝ ሄደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያጠረ አድርጋችሁ ጀምሩ። በየሁለት ማሳለፊያው ቋጠሮዋን በስንዝር ወደ ላይ ግፉ። ቡሹ ነካ ነካ ማለት ሲጀምር መሬቱን አገኛችሁት። ከዚያ ጂጉ ከመሬቱ አንድ ጫማ ያህል ከፍ እንዲል መልሳችሁ አሳጥሩ። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር ይህን ከመጀመሪያው ድገሙት። አሰልቺ ነው። አድርጉት።

8. ሲይዝ

ቡሹ ሲሰምጥ አትጠይቁት። ድንጋይም ይሁን ቅርንጫፍ አንሱ። ዘንጉን ወደ ታችኛው ወንዝ በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ ጠበቅ ባለ እጅ ሳቡ። አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ነው። «አሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል፤ እኔ ከነቅርንጫፉ ግንድ፣ አንድ ጊዜም የሰው ጓንት አውጥቻለሁ።

ዓሣ ከሆነ መጀመሪያ ዘንጉ ይከብዳል፣ ከዚያ ራሱን ሲያወዛውዝ እጃችሁ ላይ ዱብ ዱብ ይላል። ያኔ የሪሉ ፍሬን ነው የሚያድናችሁ። ጠዋት ስትጀምሩ ክሩን በእጃችሁ ስትስቡት ሳይንገራገጭ መውጣት አለበት። ዓሣው ሲሮጥ አትጠቅልሉ፣ ይሂድ። ሲቆም ዘንጉን ወደ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ሲዘል ዘንጉን ወደ እሱ አዘንብሉ።

ከዳር አታዋጉት፣ መሬት ላይም አትጎትቱት። ጎማ መረብ ያዙ፣ ጥልቀቱ እስከ ጉልበት በሚደርስ ቦታ ላይ ተቀበሉት።

9. መልቀቅ ወይም መውሰድ

የአሥራ ሰባተኛው ቀን ዓሣ መረቤ ውስጥ ሲገባ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጎኑ አዲስ የብር ሳህን ይመስላል። ጅራቱ አጠገብ አየሁ። ክንፏ አለች። ትንሽ፣ ሙሉ፣ ያልተነካች። «አይ አንቺ» አልኳት ጮክ ብዬ።

የሚለቀቅ ዓሣ ሙሉ በሙሉ ከውኃ አይወጣም። ይህ ምክር ሳይሆን ሕግ ነው። ስለዚህ ዓሣ ታቅፎ ፎቶ የለም። እጃችሁን አርጥቡ፣ መረቡ ውኃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን በመቆንጠጫ አውጡ። ብዙ ወንዞች ላይ መንጠቆው ጥርስ የሌለው መሆን አለበት፣ እሱም ቶሎ ይወጣል። ከዚያ ዓሣውን ፊቱን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙራችሁ ከጅራቱ ሥር ላላ አድርጋችሁ ያዙት። ዝግጁ ሲሆን ራሱ ይነግራችኋል። የእኔው ፊቴ ላይ ውኃ ረጭቶብኝ ነው የሄደው።

እናቴ ስልክ ላይ ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ደህና ነህ ግን? ይዘህ ለቀቅከው?» አለችኝ። እስካሁን አልገባትም።

የጣቢያ ዓሣ ከሆነና ወንዙ የሚፈቅድ ከሆነ ግን ወዲያው ራሱን መትታችሁ ግደሉት፣ መተንፈሻ ስንጥቡን ቁረጡና ደሙን አፍስሱ፣ በረዶ ውስጥ ክተቱት። ደሙ ካልወጣ ሥጋው ይበላሻል። አበሳሰሉን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ እንደ ሐዋሳው ጎኑን ሸንትሬ እጠብሰውና በዳጣ እበላዋለሁ። ጮማ ስላለው ዘይት ቀንሱ። ጾመ ነቢያትም ሁዳዴም በወቅቱ ውስጥ ይወድቃሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። በብዙ ወንዞች የጣቢያው ዓሣ በብዛት የሚመጣው ዲሴምበርና ጃንዋሪ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ክፍት ከሆኑት ወንዞች በብዙዎቹ የሚያዘው በአብዛኛው የዱሩ ስለሆነ፣ ክርክሩን ሕጉ ይዘጋላችኋል።

10. ባዶ ቀናት

አሁን ወደ 16ቱ ቀናት።

አብሮኝ የሚሄድ ጓደኛ ነበረኝ። አምስት ጊዜ አብረን ወጥተን አምስቴም ባዶ ተመለስን። በስድስተኛው ስደውልለት አላነሳም። በኋላ «ገደ ቢሱ አንተ ነህ» አለኝ። እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት። እየሳቅን ተባባልነው፣ ግን ሁለታችንም ትንሽ አምነንበት ነበር።

ያን ሰሞን ነው ማስታወሻ ደብተር የገዛሁት። በየገጹ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። «ወንዙ»፣ «እኔ»፣ «ዕድል»። ስመለስ መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩን አስነስቼ እጄ እስኪሞቅ ድረስ፣ ባዶ የገባሁበትን ምክንያት ከሦስቱ በአንዱ ስር እጽፋለሁ። የቀደሙትን ቀናትም እያስታወስኩ ሞላሁ። ወቅቱ ሲያልቅ ቆጠርኳቸው። አምስቱ «ወንዙ» ሆኑ፤ ደፍርሶ፣ እየሞላ ወይም ዝግ ሆኖ የሄድኩባቸው። አምስቱ «እኔ»፤ ጥልቀት፣ ቋጠሮ፣ አንዱ ደግሞ ስልክ እያየሁ ቡሹ ሰምጦ የወጣበት። ስድስቱ ብቻ «ዕድል»። በእነዚያ ስድስት ቀናት ውኃው ልክ ነበር፣ ጥልቀቱም ልክ ነበር፣ ዓሣው አልነበረም ወይም አልፈለገም።

ደብተሩ ያደረገልኝ ትልቁ ነገር የ«ዕድል» ቀን ላይ ምንም እንዳልቀይር ነው። ድሮ ባዶ ስገባ ሁሉንም እቀይር ነበር። ሌላ ወንዝ፣ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ዘንግ፣ አንድ ላይ። ከዚያ የቱ እንደሠራ የቱ እንዳልሠራ አላውቅም። አሁን አንድ ቀን ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው። አንድ ቦታ ላይ 30 ጊዜ ያህል፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ በትክክል ካሳለፍኩና ምንም ካልነካ 20 እርምጃ ወርጄ እንደገና እጀምራለሁ።

ቆም በሉ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሰው መወርወሩን ሳያቆም ማጥመዱን ያቆማል። ዓይኑ ቡሹ ላይ ነው፣ ልቡ ሌላ ቦታ። ያን ጊዜ ክሩን ጠቅልላችሁ ዳር ወጥታችሁ ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ፣ ዳቦ ብሉ፣ ሌላውን ሰው እዩ። ሊደሩን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ከሻከረ ቀይሩ። እኔ ከቆሎ ጋር ነው የምሄደው፣ ጣት የማይሰማበት ቀን ግን ቆሎ ፍዳ ነው።

ባዶ የገባችሁበትን በሰዓት ለማካካስ አትሞክሩ። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወንዝ የሄድኩባቸው ቀናት ሁሉ «እኔ» ስር ነው የተጻፉት። አንዱን ቀን ጎማ መሰል የደነዘዘ እግር ይዤ ተንሸራትቼ እስከ ደረቴ ገባሁ። ቀበቶው ነበረ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ እዚህ ካነበበችው አነበበችው። ትርፍ ልብስና ፎጣ መኪናችሁ ውስጥ ይኑር፣ ተመልሳችሁ የምትገቡበትንም ሰዓት ለሰው ንገሩ።

የጓደኛዬ ነገር፣ በሁለተኛው ዊንተር ታርቀን አብረን ሄድን። እሱ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክንፏ የተቆረጠች 8 ፓውንድ ያዘ። እኔ ባዶ ገባሁ። መኪናው ውስጥ ደብተሩን ስከፍት «ምን ትጽፋለህ?» አለኝ። «ዕድል» ጻፍኩ። «‹እኔ› የሚለው ሥር ጻፈው» አለና ሳቀ። ቋጠሮዬን ሳየው እውነቱን ነበር።

ይህን የምጽፈው ሐሙስ ማታ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ሲዘንብ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት አባራ። የስካይኮሚሽ መስመር ቀትር ላይ ጫፍ ደርሶ ነበር። አሁን ሳየው አጎንብሷል፣ ቀስ እያለ እየወረደ ነው። የስልኬን ማንቂያ ለቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሞላሁት።